የጋሽ ሰይድ የልክ ደብተር

ጋሽ ሰይድ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ለሚ ኩራ፣ አዲሱ ቤቴ በረንዳ ላይ ሸሚዝ እያሰጣሁ ስልኬ ጠራ። ታምሩ ነበር፤ ቦሌ ሚካኤል ከጋሽ ሰይድ ሱቅ አጠገብ ብየዳ የሚሠራው።

«አልሰማህም እንዴ? ጋሽ ሰይድ እኮ አረፉ። ቅዳሜ ጠዋት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው።»

«አልሰማሁም» አልኩ።

«እኔማ ሰምተህ የቀረህ መስሎኝ ነበር» አለ። ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም፤ እንዲሁ የመሰለውን መናገሩ ነው። እኔ ግን ሸሚዙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የእረፍት ቀኔ። ድሮ ማክሰኞ ሲሆን የት እንደምገኝ ያ ሰፈር ሁሉ ያውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ሳይሆን ሐፍረት ነው። ኀዘኑ የመጣው ቆይቶ፣ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ጋሽ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእግር ስፌት መኪና ሲረግጡ ኖሩ። ቀጭን፣ አጭር፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር ያስሩታል። ኮሌታቸው ላይ ስፒል ይደረድራሉ፤ እቅፍ አድርገው ሰላም ሲሉህ መጠንቀቅ ያንተ ፈንታ ነው። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ምን እንደሚመስል አገር ያውቃል። እሳቸው ግን ሐሙስ ካሉ ሐሙስ ነው፤ ልብሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል።

የተዋወቅነው በሱሪ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ባለ እንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ የደንብ ልብስ ሱሪ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ይዤው ስገባ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ከአንድ ባለ ሰይፍ ጋር ይተናነቃሉ።

«ወዳጄ፣ አንዴ ታገሠኝ» አሉኝ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው።»

ገደላቸውም። ከዚያ ተነሥተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወገቤን ለኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱቁን ግማሽ አንድ ተከራይ ጌም ቤት አድርጎት ነበር። ሰውየው ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ ማሽኖቹን ሸጦ፣ አንዷን ብቻ ከአንድ ጆይስቲክና ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ትቶላቸው ሄደ። ማሽኗን የሚገዛ የጠፋው ዲስኩ ውስጧ ተቀርቅሮ ስለቀረ ነው፤ ያለ ዱላ የሚያስወጣው አልተገኘም። በዲስኩ ላይ ያለው ደግሞ የሰይፍ ጨዋታ ነው። እግር ኳስ ፈልጎ የመጣው ወጣት ሁሉ ሰይፉን እያየ ይመለሳል። አንድ ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ከፈቷት። ስድሳ አልፏቸው ነበር።

ጨዋታው ላይ ባለ ሰይፉ ሰው አንተ ነህ። ፊት ለፊትህ ሌላ ባለ ሰይፍ ይቆማል። እየሮጡ መቀጥቀጥ እዚያ ቤት አይሠራም፤ ሁለት ጊዜ ከተነካህ አለቀልህ። ዘዴው አንድ ነው፦ የጠላት ሰይፍ ሊያርፍብህ ሲል፣ ሳትቀድምም ሳትዘገይም፣ በሰዓቱ ሰይፍህን ማቅረብ። በልኩ ከመከትከው ብረቱ «ቃ!» ይላል፣ ጠላት ይንገዳገዳል። ደጋግመህ ካንገዳገድከው ይከፈትልሃል፤ ያኔ ትመታለህ። ሲያወሩት ቀላል ነው። እኔ የመጀመሪያው በር ዘበኛ ላይ ብቻ አንድ ወር ሞቻለሁ።

አዎ፣ ሱሪውን ልወስድ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ጆይስቲኩ አንድ ስለሆነ የቤቱ ሕግ «የሞተ ያቀብል» ነበር። በኳሱ ዘመን «የተሸነፈ ይነሣ» ይባል የነበረውን ጋሽ ሰይድ ለሰይፉ እንዲመች አድርገው ያሳጠሩት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ከኋላችን ተቀምጠው ዘምዘማና ቁልፍ ይሠራሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አይሉም። ጸጥ ስንል ብቻ «ሞታችሁ?» ይላሉ።

«ሞተናል፣ ፋጤ።»

«እንግዲያው ሻይ ጠጡ።»

ጋሽ ሰይድ ያስተማሩኝን ነገር ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፤ ወጣቶቹ እንኳ እንደዚያ አይጫወቱም። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ረጅም ደብተር ነበራቸው። የደንበኛ ልክ የሚጻፍበት ነው፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ እጅጌ። እዚያው ላይ፣ ከአንዲት ሴት የሠርግ ቀሚስ ልክ ቀጥሎ፣ የጠላት ልክ ይጻፋል። «ባለ ጦሩ — ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ዝላይ። ከዝላዩ በኋላ ትንፋሽ።» «ባለ ሁለት ሰይፏ — አምስት ተከታታይ፤ ስድስተኛው ውሸት ነው፣ እንዳትነቃነቅ።»

«ልኩን ሳትወስድ አትቁረጥ» ይሉኛል። «አንተ ሰውየው ገና በር ላይ ሲታይ መቀስ ታነሣለህ።»

ልክ መውሰድ ማለት ደግሞ መሞት ነው። አዲስ ጠላት ሲገጥመን አንድም ምት ሳንሰነዝር፣ አራት ማክሰኞ ሙሉ እየሞትን ብቻ እናዳምጠዋለን። ማዳመጥ ነው የምላችሁ፤ ጋሽ ሰይድ ዓይንን አያምኑም። «ዓይን ይደነግጣል፤ ጆሮ ግን ይቆጥራል» ይሉ ነበር። ከዚያ መኪናዋን ያለ ክር በእግራቸው እየረገጡ የጠላትን አመታት ያሰሙኛል፤ ጨክ፣ ጨክ፣ ጨ—ክ። እኔ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ እመክታለሁ። የሚያልፍ ሰው ምን እንደሚለን አስቡት።

በጆሮ መጫወት ቦሌ ሚካኤል ላይ አንድ ጣጣ አለው። አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲሉ ቆርቆሮውን ሊነጥቁት ይደርሳሉ። ጩኸታቸው ሲጀምር ሰይፉ አይሰማም፤ አንድ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እንሞታለን። «ደግሞ ማንን ይዞ መጣ!» ብለው ጆይስቲኩን ያቀብሉኛል።

አንድ ቀን ባለ ሁለት ሰይፏን ሊጥሏት አንድ ምት ቀራቸው። ሁለት ወር የታገሉባት ናት። ያን ጊዜ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ይህ ጨዋታ ማቆሚያ የለውም፤ ትተኸው ከተነሣህ ይገድልሃል። ጋሽ ሰይድ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ብድግ አሉ። እኔ ስይዘው ሴትዮዋ ቆርጣ ጥላናለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምነው አንዲት ምት ብቻ ቢታገሡ!»

«እሷ ነገም አለች» አሉኝ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «የተጠራ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። አብሽር።»

በማግስቱ ጣሏት። ደውለው ነገሩኝ፤ እኔም እንግዳ ፊት ቆሜ ጮህኩ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። መመከቱን ለመድኩ። አንድ፣ ቃ! ሁለት፣ ቃ! ሦስተኛው ሲመጣ ግን አውራ ጣቴ ራሷ ሄዳ ወደ ኋላ የምታዘልለዋን ቁልፍ ትጫናለች። መሸሻዋ እንላታለን።

«ሁለቱን አሳምረህ መክተሃል» ይላሉ ጋሽ ሰይድ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ሦስተኛው ምን አደረገህ? ያው ሰውዬ፣ ያው ሰይፍ።»

«እንጃ፣ እጄ ነው የሚሄደው።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማህም? ስትሸሽ ሰይፉ ይከተልሃል እኮ። እዚያው ብትቆም ምንም አልነበረም።»

ሁለት ሥራና አንዲት እጮኛ በዚሁ ጠባዬ ትቼ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ያወቁ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ጠላት ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ነው። አያገሳም፣ አይዘልም፤ ረጅም ሰይፍ ይዞ ዝም ብሎ ይመጣል፤ እሱ አንዴ ከነካህ በቃ። ልኩ ደብተሩ ላይ ከሁሉም አጭር ነበር፦ «ሦስት ምት። ትንፋሽ።» ሦስቱን መክቶ በትንፋሹ ላይ መምታት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ ግን እንደ እሱ ያስቸገረን የለም። ወራት ፈጀን። ጋሽ ሰይድ አንድ ነገር ቃል አስገቡኝ፦ ማንኛችንም ብቻችንን ላንጥለው።

«አንተ ሳትኖር ብጥለው ለማን ልነግር ነው?» አሉ።

ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሞተ፤ አፋቸው ወደ ጎን ተሳበ፤ ቃላቸውም ጠፋ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቅ ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍላቸው አልጋ ላይ አልነበሩም፤ ሱቁ ውስጥ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጠዋል። ደንበኛው ሁሉ እሳቸው መቁረጥ የጀመሩትን ጨርቅ መልሶ እየወሰደ ነው። እኔን ሲያዩ በግራ እጃቸው ወደ ጆይስቲኩ ጠቆሙ።

«ግራው... የኔ» አሉ፤ እያንዳንዷን ቃል ከጉድጓድ እንደሚያወጡ። «ቀኙ... ያንተ።»

ገባኝ። ጆይስቲኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ሁለታችን ግራና ቀኝ እንድንይዘው ነው። በግራ በኩል መራመጃውና መመከቻዋ አሉ፤ በቀኝ በኩል መምቻዋና መሸሻዋ። እሳቸው ሊመክቱ፣ እኔ ልመታ። «ማክሰኞ እንጀምራለን» አልኳቸው፤ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሞከርነው። ነጭ ለባሹ ሽማግሌ መጣ። በአንድ እጃቸው፣ በዚያ ሕመም፣ አንደኛውን መከቱት። ሁለተኛውንም መከቱት። ሦስተኛው ሲመጣ እኔ መሸሻዋን ተጫንኩ። ሰውየው ሁለታችንንም አንድ ላይ ጣለን።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። ምራቃቸው ሸሚዛቸው ላይ ወረደ። የሆነ ነገር ሊሉኝ ፈለጉ፤ «ብ... ብ...» አሉ። ብሩክ ሊሉ ነው፤ ስሜን። አልወጣ አላቸው። ደግመው ሞከሩ፣ አልወጣም። ያን ጊዜ አለቀሱ። ያ ሱቁ የገባውን ሁሉ ሲያስቅ የሚውል ሰው ከራሱ ምላስ ጋር ተጣልቶ አለቀሰ። እትዬ ፋጡማ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉላቸው። እኔ ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞም መጣሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ብርቱካን ገዝቼ እስከ ታምሩ ብየዳ ቤት ድረስ ደረስኩ። የሱቁ በር ክፍት ነው። ከውስጥ ይሰማል፤ ቃ! ቃ! ቃ! ሦስቱንም እየመከቱ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ላይ ጸጥ ይላል፤ የሚመታላቸው የለማ። ከዚያ ይሞታሉ። ከዚያ እንደገና ቃ! ቃ! ቃ! እየጠበቁኝ ነው።

ዞሬ ተመለስኩ። ብርቱካኑን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት ሰጠሁ። ጽድቅ አይደለም፤ ይዤው ላለመመለስ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ለሚ ኩራ ቤት ቀየርኩ። «ሩቅ ነው» እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ሥራዬ እኮ ያው ሩዋንዳ ነው፤ ከዚያ ቦሌ ሚካኤል በእግር ይደረሳል። እትዬ ፋጡማ አንድ ቀን ደወሉልኝ፤ አላነሣሁም። መልሼ እደውላለሁ እያልኩ ከቀረሁ ሰባት ወር ሞላ።

እና ያ ማክሰኞ፣ ታምሩ ከደወለልኝ በኋላ፣ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ለቀስተኛው ሳስቷል። ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። እትዬ ፋጡማ ከዘመዶቻቸው ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሚሉኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም እንዲሰድቡኝ እመኝ ነበር።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ» አልኩ።

«አሚን። ግባ፣ ብሩክ፤ ተቀመጥ።» ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ላለችው ሴት ወደ መሳቢያው ጠቆሟት። «ያንን ደብተር ስጪው። ሲመጣ አሳዪው ብሎኝ ነበር።»

ስመጣ። ብመጣ አላሉም።

ገጹ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ምልክት ተደርጎበታል። ላዩ ላይ በቀድሞው ንጹሕ ጽሕፈታቸው የሱሪዬ ልክ አለ፤ ስሜ፣ ወገቤ፣ ርዝመቴ። ከሥሩ ሌላ ጽሕፈት አለ። ፊደሉ የተንጋደደ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ የግራ እጅ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ብሩክ — ሁለት ይመክታል። ሦስተኛው ላይ ይሸሻል። ትንፋሽ። ይመለሳል። ጠብቂው።»

እኔንም ለክተውኛል። በሰው ሁሉ ፊት፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልገረመውም።

ጋብ ሲልልኝ እትዬ ፋጡማ በዝግታ አወሩኝ። «አንተ ስትቀር ቀኙን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዓይኔም አያይልኝ፣ እጄም ቀርፋፋ ነው። መምቻዋን ብቻ አሳየኝ። መሸሻዋ የቷ እንደሆነች እስከ ዛሬም አላውቅ።»

ሊያቆስሉኝ ብለው አይደለም። ግን አቆሰለኝ።

«ጣላችሁት?»

«የለም። ስንቃረብ ጊዜ እጁን ያነሣል። አፉ ትንሽ ተፈትቶለት ነበር መቼም፤ ብሩክ ሳይኖር ለማን ልንነግር ነው ይለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። እትዬ ፋጡማ ዒዳ ላይ ነበሩ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ፣ ሳታጌጥ የምትቆይበት አራት ወር ከዐሥር ቀን። እኔ የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን እያየሁ ሻይ እጠጣለሁ። አንዳንዴ አውሮፕላን ያልፋል፤ ሁለታችንም ቀና እንላለን። ጨርቁን ግለጡልኝ አላልኩም። መጠበቅ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትንሽ ቀመስኩት፤ ጋሽ ሰይድ ከጠበቁኝ ሰባት ወር ግን ያንሳል።

ዒዳው ባለቀ በመጀመሪያው ማክሰኞ ስደርስ ጨርቁ ተነሥቷል። በርጩማው መሐል ላይ ነው፤ ጆይስቲኩም ከላዩ።

«ግራውን ዛሬ እኔ ልያዝ» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ሲይዘው ሳይ ከርሜያለሁ።»

ነጭ ለባሹ ሽማግሌ መጣ። አንድ፣ ቃ! ሁለት፣ ቃ! የእትዬ ፋጡማ ከንፈር ይቆጥራል። ሦስተኛው ሰይፍ ሲነሣ አውራ ጣቴ እንደልማዷ ወደ መሸሻዋ ስትሄድ አየኋት፤ ይዤ አስቀረኋት። እትዬ ፋጡማ ግን ለቅጽበት ዘገዩ። ሰይፉ አረፈብን።

«ሞትን» አሉ።

የቤቱ ሕግ አለና እጄ ጆይስቲኩን አንሥታ ጋሽ ሰይድ ይቀመጡበት ወደነበረው ባዶ ወንበር ዘረጋችው። ማንም አልተቀበለኝም። እትዬ ፋጡማ እጄን ያዝ አድርገው መልሰው በርጩማው ላይ አሳረፉት።

«ዘገየሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። ስለ ጨዋታው አልነበረም፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል።

«አዎ፣ ዘግይተሃል» አሉ። አላባበሉኝም። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ግራውን እንደገና ያዙ። «ያዝ እንግዲህ። መጣ።»

ቀኙን ያዝኩ።